የታፈረ ክላሽ

አዋጁ የተነገረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሰው ከገደል ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀና አንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። በእጁ መሳሪያ ያለው ሁሉ በመጪው ሐሙስ ይዞ ቀርቦ በስሙ እንዲያስመዘግብ፣ ሳይመዘገብ የተገኘ መሳሪያ ግን እንደሚወረስ ተናገረ። ጊዜው 1996 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ወንዶቹ አጉረመረሙ። ሴቶቹ ነገሩ እነሱን የሚመለከት ስላልመሰላቸው ወደየቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ገለቴ ብቻ ነጠላዋን እንዳጣፋች ቆማ ቀረች።

የገለቴ ባል ታፈረ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ሲሞት ሁለት በሬ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ ወሰኑ ያልለየለት እርሻና አንድ ክላሽ ትቶላታል። በሬዎቹ አሉ። ልጇ በእውቀቱ ላሊበላ ከተማ ቤት ተከራይቶ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እየተማረ ነው፤ አሸተን ማርያም ድረስ በእግሯ ወጥታ ተስላ የወለደችው፣ ከመንደሩ ልጆች ሁሉ በትምህርቱ የገፋ እሱ ብቻ ነው። እርሻውም እንደነገሩ ይታረሳል። ክላሹ ግን እሷ ቤት የለም፤ የባሏ ታናሽ ወንድም ወንዴ ትከሻ ላይ ነው። እዚያ ያንጠለጠለችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ራሷ ናት። ይህን ባስታወሰች ቁጥር በራሷ ትናደዳለች።

በቀብሩ ዕለት ነው። በዚያ አገር ወንድ ሲሞት መሳሪያው ከሬሳው ጋር ይወጣና ቅርብ ዘመዱ ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ ተኩሶ ይሸኘዋል። ወንዴ የነበረው አሮጌ ዲሞትፈር ጠመንጃ ነበር፤ ያን ዕለት ነክሶ አልተኩስ አለው። ፊቷን የነጨችው ገለቴ፣ ጸጉሯን ተላጭታ፣ የምትረግጠውን እንኳን ሳታውቅ፣ የታፈረን ክላሽ ከሬሳው አልጋ ላይ አነሳችና ወንዴ ትከሻ ላይ አኖረችው። «እንካ፣ ሸኝልኝ» አለችው። ያለችው ይህንኑ ነው፤ ያሰበችውም ይህንኑ ነው።

ለቀስተኛው ግን ጮኸ። የተገደለ ሰው መሳሪያ፣ ሬሳው ሳይቀበር፣ ከሚስቱ እጅ ወደ ወንድሙ ከሄደ ደሙ አብሮ ተሰጠ ማለት ነው። ገለቴ ይህን ልማድ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ያን ዕለት ግን ስሟንም ብትጠየቅ አታውቀውም ነበር። ወንዴ ተንበርክኮ መሬት ሳመ። ተነስቶም ሦስት ጥይት አልተኮሰም፤ ካዝናውን ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሰማይ አርከፈከፈው። የወንድሜን ደም ሳልመልስ ጸጉሬን አልላጭም ብሎ ማለ። ይኸው አራት ዓመት ሙሉ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ ይዞራል። እርሻም ቢሄድ፣ ገበያም ቢሄድ፣ ክላሹ ከላዩ አይወርድም።

ታፈረን የገደለው አዳም ይባላል፤ እርሻው ከታፈረ እርሻ ጋር ይዋሰናል። ከመሬት ድልድሉ በኋላ የተተከለው የወሰን ድንጋይ አንድ ክረምት ጠፋ። ጎርፍ ወሰደው የሚል አለ፣ እጅ ወሰደው የሚልም አለ። ታፈረ ወሰኑ ወይራዋ ሥር ነው ይላል። አዳም ደግሞ ከወይራዋ አሥር እርምጃ ወደ ታፈረ ገባ ይላል። ሲዘላለፉ ከረሙና አንድ ቀን አዳም ክላሹን ከትከሻው አወረደ። ፍርድ ቤት ቆሞ ሲናገር፣ አንዲት ጥይት እግሩ ሥር ተኩሼ ላስደነግጠው ነበር፤ ቃታውን ስስበው ግን ሩምታ ሆነብኝ፤ እስክለቀው ድረስ ብዙ ወጣ ነው ያለው። ማንም አላመነውም። ገለቴም አላመነችውም። ቢሆንም አንድ ነገር ብዙ ቀን ታስባለች። የድሮው ዲሞትፈር ቢሆን ኖሮ አንዷ ጥይት ከወጣች በኋላ እንደገና ማቀባበል ነበረበት። እሱ እስኪያቀባብል ታፈረ ይሮጣል፣ ወይም የአዳም ንዴት ይበርዳል፣ ወይም አንዱ ሰው ይደርሳል።

አዳም ተፈርዶበት ወልድያ ታሰረ። ዘንድሮ በአዲስ ዓመት ይቅርታ ተፈታና ከሸለቆው ማዶ አባቱ ቤት ገባ፤ ከገባም ወዲህ ከደጅ አልታየም። ወንዴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሸለቆው አፋፍ አልጠፋ አለ። ገለቴ የቀረውን ማሰብ አልቸገራትም። ወንዴ አዳምን ይገድላል። የአዳም ወንድሞች ደግሞ ደማቸውን ወንዴ ላይ አይመልሱትም፤ ወንዴ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ቢሞት የሚጎዳ ቤት የለም። ደም የሚመለሰው ሲሞት በሚያስቆጭ ሰው ነው። ከታፈረ ወገን ማን እንደሚያስቆጭ አገሩ ሁሉ ያውቃል። በእውቀቱ ደግሞ ለአጨዳ እመጣለሁ ብሎ ደብዳቤ ልኳል።

ስለዚህ ገለቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወደ ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ ወንዴ ቤት ሄደች።

ወንዴ ከደጁ ተቀምጦ ማረሻ ይሞርዳል። ክላሹ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። ሲያያት ብድግ አለ፤ ለወንድሙ ሚስት አክብሮቱን አጉድሎ አያውቅም።

«ወንዴ፣ ክላሹን ስጠኝ» አለችው፣ ሳትቀመጥ።

«ምን ልትሆኚበት እታለም?»

«ላስመዘግበው።»

«እኔ አስመዘግበው የለም እንዴ?»

«በማን ስም?»

ወንዴ መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሞረዱን እያገላበጠ ያየው ጀመር። ገለቴ ያን ዝምታ ልብ አለችው። አራት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳን «ክላሼ» ሲል ሰምታው አታውቅም። «የጋሼ ክላሽ» ነው የሚለው ሁልጊዜ።

«አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ» አለ በመጨረሻ። «ሬሳው ሳይነሳ፣ አገር እያየ።»

«እንድትሸኘው ነው የሰጠሁህ።»

«አገሩ የሰማው ሌላ ነው። እኔም የሰማሁት ሌላ ነው።»

«እኔ የተናገርኩት ግን ያንን ነው፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«ምነው እታለም፣ የጋሼ ደም ውሃ ሆኖ ይቅር ነው የምትይ?»

ገለቴ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን ጠረገችውና «ልጁን እወቅልኝ ነው የምልህ» አለችው። ወንዴ አላያትም። ማረሻውን መሞረድ ቀጠለ። በእውቀቱን ይወደዋል፤ ደብተር የሚገዛለት እሱ ነው። ነገር ግን ሰው አንድ ነገር ከማለ በኋላ መሐላው እንደ በሬ ይነዳዋል፤ ወንዴም አራት ዓመት ሲነዳ የኖረ ሰው ነው።

ከዚያ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ወረደች። ቄሱ የንስሐ አባቷ ናቸው፤ ከዚያም በላይ ደግሞ የደም አድርቅ ሽማግሌዎቹ አለቃ ናቸው። በሁለት ወገን መካከል ደም ሲገባ መስቀል ይዘው ገብተው የሚለምኑ፣ ጉማውን፣ ማለት የደም ካሳውን፣ የሚቆርጡ፣ የሚያስምሉና የሚያስታርቁ እነሱ ናቸው። ቄሱን ከቤታቸው ፊት የገብስ ማሳቸውን እያዩ ቆመው አገኘቻቸው። መስቀል ተሳልማ ወሬ ሳታበዛ ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ስለ አዳም ለምን እኔ ቤት አልመጡም?»

ቄሱ ፂማቸውን ዳበሱ። «ወንዴን ሁለት ጊዜ ለምኛለሁ ልጄ። መስቀል ይዤ ከደጁ ቆሜ፣ ከጓሮ ወጥቶ ሄደ። ምን ላድርግ?»

«የሞተው የኔ ባል ነው። ለምን እኔን አልለመኑም?»

«ሥርዓቱ እንደዚያ ሆኖብኝ ነዋ። ደም የሚለመነው የሟቹ መሳሪያ ካለበት ቤት ነው። ምሬያለሁ ማለት የሚችለው መግደል የሚችለው ነው። ባዶ እጁን ያለ ሰው ምሬያለሁ ቢል ማዶ ያሉት አያምኑትም፤ እውነታቸውን ነው።»

«መሳሪያው እኔ ቤት ቢሆንስ?»

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ወደ ገብሱ ዞሩ። ሠላሳ ዓመት ደም ሲያደርቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሴት ቤት ሄደው ደም ለምነው ግን አያውቁም። ቢያስቡ ቢያስቡ የሚከለክል ነገር ትዝ አላላቸውም።

«እንግዲህ ካለበት ቤት ነው ያልነው» አሉ። «የወንድ ቤት ነው አላልንም።»

«ቅዳሜ ይምጡ።»

«ክላሹ የታለና ነው ቅዳሜ የምመጣው?»

«እስከ ቅዳሜ ይመጣል» አለችና ተሳልማቸው ሄደች። እንዴት እንደሚመጣ ግን እሷም ገና አላወቀችም ነበር። የያዘችው ያችን የወንዴን ዝምታ ብቻ ነው።

ሐሙስ የቀበሌው ግቢ በወንድ ሞላ። መዝጋቢው ሀሰን ይባላል፤ ከሙጃ የመጣ፣ አንድ እግሩን ትንሽ የሚጎትት፣ የቀድሞ ታጋይ ነው። ከጠረጴዛው ፊት እየጠራ መሳሪያውን ይቀበላል፣ ካዝናውን ነቅሎ አፈሙዙን ያያል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ከዚያ የባለቤቱን ስምና መሳሪያው የሚያስፈልግበትን ምክንያት ይጠይቃል። ዲሞትፈርና ምንሽር ይዞ ለመጣው ምክንያቱን በወጉም አይሰማው፤ ከአባት የመጣ ነው ብሎ ያልፈዋል። ክላሽ ለያዘው ግን ብዕሩን አስቀምጦ ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠይቃል።

ገለቴ ከወንዶቹ ኋላ ግንቡን ተደግፋ ትሰማለች።

«ነብር ፍየሎቼን ፈጀብኝ» አለ የመጀመሪያው።

«ነብሩ ስንት ነው?»

«አንድ ነው።»

«ለአንድ ነብር ሠላሳ ጥይት?»

«ሀያ ዘጠኙን እስታለሁ ብዬ ነዋ።»

ሰው ሳቀ። ሀሰንም ፈገግ ብሎ ጻፈ። ቀጣዩ በቅሎ ነጋዴ ነው፤ ከሙጃ ገበያ ሲመለስ ገደሉ ጥግ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። ሽፍታው ክላሽ ይዞ እኔ ዱላ ልያዝለት ወይ አለ። ሌላው ልጁን ሊድር ነው፤ የወንዱ ወገን ሚዜ ሁሉ ክላሽ አንግቶ እየፎከረ ሲገባ እኔ እጄን አጣጥፌ ልቀበለው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዱ ደግሞ ጎረቤቴ ስላለው ነው አለ። ጎረቤትህስ ለምን ኖረው ቢለው፣ እኔ ስላለኝ ነዋ ብሎ በቅን ልቡ መለሰ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ ዘለግ አድርገው ተናገሩ። «ሦስት መንግሥት አይቻለሁ ልጄ» አሉ። «ሁሉም ሲመጣ መሳሪያ ይቆጥራል። ሲሄድ ግን ልሄድ ነው ብሎ አይነግረንም። አንደኛው ከሄደ ሌላኛው እስኪመጣ ባለው ሰሞን ቤቴን ማን ይጠብቅልኛል? በዲሞትፈር አንድ ሰው እመልሳለሁ፤ የሚመጡት ግን አንድ ሆነው አይመጡም።» ሀሰን በዚህ አልሳቀም። እሱ ራሱ አንደኛው ሄዶ ሌላኛው ሲመጣ ክላሽ ተሸክሞ የመጣ ነው። ለሁሉም ግን የጻፈው አንድ ነገር ነው፦ ለራስና ለንብረት ጥበቃ።

ገለቴ እያንዳንዱን ሰማች። የዋሸ አንድም ሰው አላየችም። እያንዳንዱ በየቤቱ እውነት አለው፤ አዳምም ክላሹን ሲገዛ እንዲህ ያለ እውነት ሳይኖረው አይቀርም። ታፈረም ነበረው፤ ጅብ ነበር ያለው ያን ጊዜ። ይህ ሁሉ እውነት ተደምሮ ነው ባሏን የገደለው። ይህን ስታስብ ተናደደች፤ ንዴቷም እግሯን ከግንቡ አስነስቶ ወደ ጠረጴዛው አስጠጋት።

ያን ጊዜ ወንዴ ተጠራ። ክላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የማን ነው?» አለ ሀሰን ቁጥሩን እየጻፈ።

«የታፈረ ነው።»

«ታፈረ ይቅረብ።»

«ሞቷል። ወንድሜ ነው።»

«የሞተ ሰው አልመዘግብም ወንድሜ። ያንተ ነው?»

ወንዴ ፊቱ ላይ የወረደውን ጸጉር ወደ ኋላ መለሰ። አዎ የኔ ነው ቢል አለቀ፤ ግን እንዴት ብሎ ይበል? የኔ ነው ማለት የወንድሜን ሀብት በላሁ ማለት ነው። ደም ሊመልስበት በአደራ የያዘውን መሳሪያ፣ እንደ ሌላው ሰው ለነብርና ለሠርግ ሊያንጠለጥለው ነው ማለት ነው። እዚያ የቆመው ሁሉ ይህን ያውቃል።

«የታፈረ ነው» አለ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ።

«እሱንማ ሰማሁ። ያንተ ነው በለኝና ልጻፈው፤ አለዚያ መውረሴ ነው።»

«የኔ ነው» አለች ገለቴ።

ሁሉም ዞሮ አያት። ወንዶቹ መንገድ ለመልቀቅ ስላልፈጠኑ በክንዷ እየገፋች አለፈች።

«የሟቹ ሚስት ነኝ። ይህ መሳሪያ የተገዛው በኔ ሰንጋ ነው፤ አባቴ በሠርጌ የሰጠኝን ሰንጋ ሸጠን ሙጃ ላይ ስንገዛው አብሬ ነበርኩ። ሰደፉን ይመልከቱት፤ ስንጥቅ አለው፤ በጠፍር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቋጠሮው በውስጥ በኩል ነው።»

ሀሰን ሰደፉን አገላብጦ አየ። ጠፍሩ ነበር፤ ቋጠሮውም በውስጥ በኩል ነበር። ወንዴን አየው። ወንዴም ቀና ሳይል «እውነቷን ነው» አለ፤ በሌላ ነገር የፈለጉትን ይበሉት እንጂ ውሸት አይችልም።

«ምክንያትሽስ ምንድነው እህቴ?» አለ ሀሰን ብዕሩን አስቀምጦ።

«እንዳይተኩስ ነው።»

ሰው ሳቀ። ሀሰንም ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ወላሂ እንዲህ ያለ ምክንያት ጽፌ አላውቅም። ላለመተኮስማ ዱላ አይበቃሽም?»

«ዱላ ይዤ ምሬያለሁ ብል ማን ያምነኛል? በኛ አገር ደም የሚለመነው ይህ ነገር ካለበት ቤት ነው። እኔ ልጄ ላይ ሌላ ደም እንዲመጣበት አልፈልግም። ስለዚህ የኔ ይሁን።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ሀሰን ብዙ ቆይቶ መዝገቡ ላይ ጎንበስ አለ። ገለቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥራለች፤ እየተንተባተበችም ቢሆን ታነባለች። እንደ ሌሎቹ «ለራስና ለንብረት» ብሎ ጀምሮ «ለንብረት» የሚለውን ሰርዞ «ለልጅ» ብሎ ሲጽፍ አየችው። ፈረመች።

ወንዴ እጁን ዘረጋ። «ወረቀቱ ያንቺ ይሁን» አለ። «ክላሹን ግን አምጪ እታለም።»

ገለቴ ክላሹን አንስታ፣ አፈሙዙን ቁልቁል አድርጋ፣ በቀኝ ትከሻዋ አነገተችው። ማንገቻው ለታፈረ የተለካ ስለነበር አፈሙዙ ከጉልበቷ በታች ወረደ። «አገር እያየ ሰጠሁህ፤ አገር እያየ ወሰድኩት» አለችው። «ከፈለግህ እዚሁ ንጠቀኝ።»

ወንዴ ሰው ሊገድል አራት ዓመት የተዘጋጀ ሰው ነው። የወንድሙን ሚስት በአደባባይ ሊታገል ግን አልተዘጋጀም። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። እስከ ቤቷ ድረስ ከኋላዋ ተከተላትና የአጥሯ በር ላይ ሲደርሱ «አዋረድሽኝ» አለ። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። «ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል» አለችው። «አንተ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ባትመጣም ሽማግሌው ይመጣል።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ አራት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ከመካከላቸው አዳም። አዳም ወገቡን ፈቷል፤ አንገቱ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ተሸክሟል። ከደጇ ሲደርስ ተንበረከከና ግንባሩን መሬት አስነካ። ወንዴም መጥቶ ነበር፤ ወደ ግቢው ግን አልገባም፤ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ገለቴ ከደጃፏ ቆማለች፣ ክላሹን አንግታ። ሥርዓቱ እንደሚለው፣ የምትምር ከሆነ ካዝናውን ነቅላ ድንጋዩን ከአንገቱ ታነሳለታለች። የማትምር ከሆነ ጀርባዋን ሰጥታ ትገባለች።

ቄሱ መለመን ጀመሩ። ስለ እግዚአብሔር አሉ፣ ስለ ጊዮርጊስ አሉ። ገለቴ ግን የሚሉትን መስማት አቆመች። አራት ዓመት ሙሉ ያሰበችው ክላሹን ከወንዴ ትከሻ ስለማውረድ ብቻ ነበር፤ እሷ ትከሻ ላይ ሆኖ አዳም እግሯ ሥር ሲወድቅ ምን እንደሚሰማት አንድ ቀን አስባው አታውቅም። አሁን የአዳምን እጅ አየች። ቃታውን የሳበው ያ እጅ ነው። ጥፍሩን ተቆርጦ፣ ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ መጥቷል። ይህ የታጠበ እጅ አቃጠላት። ታፈረ የሞተ ዕለት እጁ ጭቃ እንደነካው ነበር የተቀበረው።

መሳሪያው ከትከሻዋ መቼ እንደወረደ አታውቅም። በጎኑ ያለችውን መዘውር አውራ ጣቷ ነካት። የታፈረን ክላሽ ስታጸዳ የኖረች ናት፤ መዘውሯ ከላይ ስትሆን እንደምትቆልፍ፣ እስከ ታች ስትወርድ አንድ አንድ እንደምትተኩስ፣ መሃል ላይ ስትቆም ግን ሩምታ እንደሆነች ታውቃለች። ገፋቻት። ቀጭ አለች፤ መሃል ላይ ቆመች። ቄሱ ልመናቸውን አቋረጡ። ወንዴ ከአጥሩ ጥግ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

ገለቴ አውራ ጣቷን አየችው። እስከ ታች ልታወርዳት አልፈለገችም፣ መሃል ላይም ላቁማት አላለችም። የተቆጣ እጅ የሚደርሰው እዚያ ድረስ ነው፤ በቃ። የአዳምም እጅ እዚያው ነው የደረሰው። ፍርድ ቤት ቆሞ የተናገረው እውነት ኖሯል። ይህን ማወቅ አላስደሰታትም። መዘውሯን ወደ ላይ መልሳ ቆለፈቻት፣ ካዝናውን ነቀለች፣ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው፣ ክላሹንም መልሳ አነገተችው።

«ወንዴ» ብላ ተጣራች። «ና፣ ድንጋዩን አንሳለት። እኔ እጄ ተይዟል።»

የተያዘ እጅ እንዳልነበራት ሁሉም ያያል። ወንዴ አጥሩ ጥግ ብዙ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ፤ አዳምም ግንባሩ መሬት ላይ እንደሆነ ጠበቀ። በመጨረሻ ወንዴ እየተጎተተ መጣ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከአዳም አንገት ላይ አነሳ። እንባው ጺሙ ውስጥ ይወርዳል፤ ሊጠርገው እንዳይችል ድንጋዩ እጁን ይዞታል።

«ምን ላድርገው?» አለ፣ እንደ ልጅ።

«ወሰኑ ላይ ውሰደው። ወይራዋ ሥር፣ ታፈረ ወሰኑ ነው ባለበት ቦታ።»

ቄሱ አዳምን አዩት። አዳም ከገባ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። አሁን ቀና ሳይል «እሺ» አለ። «ወይራዋ ሥር ነበር።»

ወንዴ ጸጉሩ ዓይኑ ላይ ወድቆ መንገዱ አልታየው ብሎ ደጃፉ ላይ ተደናቀፈ። አዳም ተነሳና ድንጋዩን በአንድ ወገን ያዘለት። ሁለቱ ሳይተያዩ ቁልቁል ይዘውት ሲወርዱ ገለቴ ክላሿን አንግታ ከኋላ ከኋላቸው ሄደች፣ ወደ ታፈረ እርሻ አንዲት እርምጃ እንኳን ሳያስገቡ እንዲተክሉት።